ቀይ ክር ያለበት ቋጠሮ

ድልድዩ ላይ ሃያ አራት ቋጠሮ ነበር። ሃያ ሦስቱ ወደ ቀኝ ይዞራሉ፣ አንዱ ብቻ ወደ ግራ። አለቃ ይህን አንዱን ካየች ጀምሮ እንቅልፍ አጣች ማለት ማጋነን ይሆናል፤ ትተኛ ነበር። ግን ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ድቅን የሚልባት እሱ ነው። ጥርስ መሃል የገባ ነገር ምላስን እየጠራ እንደሚያስቸግረው፣ ያ ቋጠሮም ሐሳቧን እየጠራ አስቸገራት።

«አለቃ» ብለው ስም ያወጡላት የሰፈሩ ስካውቶች ናቸው። ስድስት ልጆች ያሉበት የንብ ምድብ መሪ ስለሆነች ነው እንጂ ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ስሙ ግን ተከትሏት ቤት ገባ። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «አለቃ፣ እስቲ ያንን መቀስ አቀብዪኝ» ትላታለች። አባቷ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ማታ ጫማውን እያወለቀ «አለቃ ካልፈቀደች እዚህ ቤት ሬዲዮ አይከፈትም» እያለ ይቀልድባታል። «እትዬ» የምትላት ታናሽ እህቷ ሚጡ ብቻ ናት።

ሚጡ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ስካውት የገባችው ባለፈው ዓመት፣ የእህቷን እግር ተከትላ ነው። በግራ እጇ ትጽፋለች፣ በግራ እጇ ትበላለች፣ ኳስ በግራ እጇ ትወረውራለች። ገመድም በግራ እጇ ታስራለች። ያ ወደ ግራ የሚዞረው ቋጠሮ የእሷ ነው፤ ጀማሪ ስለሆነች የደረሳት እሱ አንዱ ብቻ ነው።

ድልድዩ የተሠራው በትምህርት ቤቱና በሜዳው መካከል በሚያልፈው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ላይ ነው። ቦዩ ሦስት ሜትር ይሰፋል፤ ጥልቀቱ አንድ ትንሽ ልጅ ቆሞ ራሱ የማይታይበት ያህል ነው። ከሜዳው ወዲያ የሚኖሩት ልጆች ዋናው መንገድ ዙሪያ ጥምጥም ስለሚሆንባቸው ቦርሳቸውን አሻግረው ይወረውሩና ቦዩ ውስጥ ይወርዳሉ፤ ከዚያ የወዲያኛውን ግድግዳ ቧጠው ይወጣሉ። ክፍል የሚገቡት ጉልበታቸው ጭቃ ሆኖ፣ ክርናቸው ተላልጦ ነው። ባለፈው ዓመት አንዷ የአንደኛ ክፍል ልጅ እጇ ተሰበረ። ስካውቶቹ ድልድይ እንሥራ ያሉት ያን ጊዜ ነው።

የቡድኑ አሰልጣኝ በሙያው በያጅ ነው፤ በርና መስኮት ይሠራል። ልጆቹ ጋሼ ነው የሚሉት። ድልድይ ሲባል ሁሉም ዓይኑን ወደ እሱ አዞረ።

«ጋሼ፣ ብረት ቢበይዱልን አይሻልም?» ብሎ ጠየቀው ዘፋኙ። ዘፋኙ ከንብ ምድብ አንዱ ነው፤ ሲሠራም ሲያርፍም ስለሚያንጎራጉር ነው ስሙ የወጣለት።

«ይሻላል» አለ ጋሼ። «በግማሽ ቀን ያልቃል። ግን እኔ ከበየድኩት የኔ ድልድይ ነው። እናንተ ካሰራችሁት የእናንተ ነው። የትኛው ይሁን?»

ዘፋኙ ማንጎራጎሩን አቁሞ አሰበ። «የኛ ይሁን» አለ።

እንግዲህ አጣናው መጣ፣ ጣውላው መጣ፣ የቃጫው ገመድ በጥቅል በጥቅሉ መጣ። የጭልፊት ምድብ ልጆች አጣናውን ላጡ፣ ለኩ፣ ቆረጡ፣ ከቦዩ ዳርና ዳር ጉድጓድ ቆፍረው ተከሉ። ማሰሩ የንብ ምድብ ድርሻ ሆነ። ጋሼ ከአሰልጣኙ፣ አሰልጣኙም ከራሱ አሰልጣኝ የወረሳቸው ሦስት ሕጎች አሉ። አንደኛ፣ እርጥብ ቃጫ አይታሰርም፤ እርጥብ ገመድ ሲታሰር ጥብቅ ይመስላል፣ ሲደርቅ ግን ይላላል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ልጅ ባሰረው ቋጠሮ ጫፍ ላይ የራሱን ቀለም ክር ያስራል፤ ማን እንዳሰረው እንዲታወቅ። ሦስተኛው ያሰረ ይቀድማል የሚለው ነው። ሰው ከመሻገሩ በፊት ያሰረው ልጅ ራሱ ይረግጠዋል፣ ራሱ ይደገፈዋል።

ክሮቹ ከእነአለቃ እናት የስፌት ሳጥን የመጡ ናቸው። አለቃ ሰማያዊ ወሰደች፣ ዘፋኙ ቢጫ፣ ሌሎቹም የየራሳቸውን። ሚጡ ግማሽ ሰዓት ሳጥኑ ላይ ተጎልታ ቆይታ ቀይ መረጠች።

«ቀይ ምነው?» አለቻት እናቷ።

«ከሩቅ ይታያል» አለች ሚጡ።

አዎ፣ ከሩቅ ይታያል። አለቃን ያስጨነቃትም እሱ ነው።

ነገሩ ባንዲራ አለበት። በሚቀጥለው ወር የከተማው ስካውቶች ሁሉ በስታዲየሙ ይሰለፋሉ፤ የእያንዳንዱን ቡድን ባንዲራ አንድ ልጅ ይዞ ከፊት ይሄዳል። አለቃ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት፣ ገና ስካውት ሳትሆን፣ አንዲት ረጅም ልጅ ስካርፏን አስራ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ባንዲራ ይዛ ስታልፍ ከአጥር ላይ ተንጠልጥላ አይታለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ ሌላ ነገር ተመኝታ አታውቅም ቢባል ውሸት አይሆንም። ከጓሮ የመጥረጊያ እንጨት ይዛ ስትራመድ እናቷ ስንት ጊዜ «መጥረጊያዬን መልሺ፣ ቤቱ ሳይጠረግ ሊመሽ ነው!» ብላ ጮኻባታለች። ዘንድሮ ጋሼ ቁርጡን ተናገረ፤ ድልድዩን የሚመረምር ሰው ይመጣል፣ ሃያ አራቱም ቋጠሮዎች ያለ ጉድለት ካለፉ ባንዲራውን የምትይዘው የንብ ምድብ መሪ ናት። አንድ እንኳ ከተጓደለ የጭልፊት ምድብ መሪ ይይዛል። የጭልፊት ምድብ መሪ ረጅሙ ይባላል፤ ለምን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

በዚህ ላይ አባቷ ሊመጣ ነው። አባቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ስለሚሠራ አንድ ቀን እንኳ መጥቶ አያውቅም። ነገሩም ብዙ አይገባውም፤ «ገመድ ለማሰር ቅዳሜ ሙሉ? እኔ የጫማዬን ገመድ እየሮጥኩ ነው የማስረው» ይላል። ለዚህ ቅዳሜ ግን ከሥራ ባልደረባው ጋር ተራ ተቀያይሮ «እስቲ ይሄን ድልድያችሁን ልየው» አለ።

አርብ እኩለ ቀን ላይ ዝናብ ጣለ። ከትምህርት በኋላ አለቃ ብቻዋን ወደ ድልድዩ ሄደች። ልታየው ብቻ ነበር፤ እውነቷን ነው። ከቦዩ ዳር ቆመች። አጣናው በዝናቡ ታጥቦ ያብረቀርቃል። መደገፊያው ቀጥ ብሏል። የቋጠሮዎቹ ጥምጥም ሁሉ ወደ አንድ ፊት ይመለከታል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ቆጠረች፤ ከመሃለኛው ቋሚ ላይ ስትደርስ ዓይኗ ተደናቀፈ። ሰልፈኛው ሁሉ ቀኝ ሲዞር አንዱ ብቻ ግራ እንደዞረ ማለት ነው። ያውም በቀይ ክር አጊጦ።

«መርማሪው ይሄን ሲያይ ምን ይላል?» አለች ለራሷ። ቀጥላም «አባዬስ?» አለች። ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካችው። ከዚያ ጥፍሯን አስገባች። አልገባም። ይህ ራሱ ሊነግራት ይገባ ነበር። አልሰማችም። ከቦርሳዋ ማስመሪያ አወጣች፣ በጫፉ ሞከረች፤ ማስመሪያው ታጠፈ። በመጨረሻ በጥርሷ ነክሳ እየጎተተች ፈታችው። ለመፍታት ሩብ ሰዓት ፈጀባት፤ ጥርሷ እስኪደነዝዝ።

ገመዱ እርጥብ ነበር። በእጇ ስትይዘው ውሃው በጣቶቿ መሃል ተንቆረቆረ። ለአዲስ ልጆች «እርጥብ ቃጫ አይታሰርም» እያለች የምታስተምረው እሷ ራሷ ናት፤ ባለፈው ሳምንት እንኳ አንዱን ልጅ በዚሁ ምክንያት አስፈትታዋለች። «ትንሽ ነው የረጠበ» አለች አሁን። ወደ ቀኝ አዞረችው፤ ሦስት ዙር በአጣናዎቹ ላይ፣ ሁለት ዙር በመሃላቸው፣ ጎተተች፣ ቋጠረች። በአምስት ደቂቃ አለቀ። አምሮ፣ ተስተካክሎ፣ ከወንድሞቹ ጋር ቁጭ አለ። የቀረው ክር ነው። ሰማያዊ ክሯ ኪሷ ውስጥ ነበር። ለአፍታ አሰበችና ቀዩን ክር ከመሬት አንስታ መልሳ አሰረችው። ሚጡ ክሯን ካጣች ትጠይቃለች፤ ጠያቂ ልጅ ናት።

ከሩቅ ሆና አየችው። ሃያ አራቱም ወደ ቀኝ። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ቅዳሜ ፀሐይዋ ከማለዳው ጀምራ ከረረች። ሦስት ሰዓት ሲሆን የቦዩ ዳር በሰው ሞላ። ስካውቶቹ ስካርፋቸውን አስረው በየምድባቸው ተሰልፈዋል። ወላጆች መጥተዋል፤ እናትየው እጅጌዋ ላይ መርፌ እንደሰካች፣ አባትየው የአውቶቡስ ሹፌር ሸሚዙን ተኩሶ ለብሶ። ከወዲያ ማዶ ደግሞ ድልድዩን የሚጠብቁት ትንንሽ ልጆች ቦርሳ ባይኖራቸውም ከቦዩ ጠርዝ ላይ ተደርድረዋል።

መርማሪዋ እትዬ መሐንዲስ የሚባሉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ መንገድና ድልድይ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። አጭር ናቸው፤ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ በእጃቸው የያዙት አንዲት በደንብ የተቀረጸች እርሳስ ብቻ ናት።

«ሌላ መሣሪያ የለኝም» አሉ ለልጆቹ እርሳሷን ከፍ አድርገው። «ይህቺ ጥምጥሙ መሃል ከገባች ቋጠሮው ወድቋል። ካልገባች አልፏል። ገባችሁ?»

«ገባን!»

«ያ ወፍራሙ ልጅ ለምንድነው የሚያንጎራጉረው?»

«ሲፈራ ነው» አለ አንዱ። ሁሉም ሳቀ፤ ዘፋኙም ሳቀ።

እትዬ መሐንዲስ ጀመሩ። አንዱን ቋጠሮ በእርሳስ ወጋ ያደርጋሉ፣ «አለፈ» ይላሉ፣ ጋሼ ይጽፋል። አለፈ። አለፈ። አለፈ። የአለቃ ልብ በያንዳንዱ «አለፈ» ስንዝር ስንዝር ከፍ ይላል። ከመሃለኛው ቋሚ ላይ ደረሱ። እርሳሷን አስጠጉ። እርሳሷ ሰተት ብላ እስከ ወገቧ ገባች።

እትዬ መሐንዲስ መነጽራቸውን አደረጉ። መደገፊያውን ያዝ አድርገው ወዘወዙት፤ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ሰጠ። ፀሐይዋ ገመዱን አድርቃው ቋጠሮው እንደ ሰፊ ቀበቶ ላልቷል።

«ቀይ ክር የማን ነው?» አሉ።

ሚጡ ከሰልፉ ወጣች። መጥታ ተንበረከከች። እጇን ዘርግታ ጥምጥሙን ከላይ ወደታች በጣቷ ተከተለችው፤ ወደ ቀኝ ይዞራል። ጣቷ ቆመ። ቀና ብላ እህቷን አየቻት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየቻት፣ ያውም ለአፍታ፤ ግን በዚያች አፍታ ውስጥ ሚጡ ሁሉንም እንዳወቀች አለቃ ገባት።

ሚጡ ተነሳች፤ ጉልበቷን አራገፈች።

«የኔ ነው» አለች።

«ስታስሪው ገመዱ ደረቅ ነበር?»

«እ... እርጥብ ሳይሆን አይቀርም።»

«እርጥብ ቃጫ አይታሰርም ብላ መሪሽ አላስተማረችሽም?»

«አስተምራኛለች። እሷ ሁልጊዜ ነው የምትለው። እኔ ነኝ የረሳሁት።»

ሰው አጉረመረመ። «ምስኪን፣ ትንሽ እኮ ናት» አለች አንዲት እናት። ከወላጆቹ መሃል የአባትየው ወፍራም ድምፅ «አይዞሽ ሚጡዬ!» አለ። ሚጡ ከንፈሯን ነክሳ መሬት መሬት አየች፤ ጆሮዋ ቀልቷል።

እትዬ መሐንዲስ ክፉ ሰው አይደሉም። የሚጡን ትከሻ መታ መታ አደረጉና ወደ ጋሼ ዞሩ። «ይህቺ ጀማሪ ልጅ ናት። ለጀማሪ ስህተት ምድቡን በሙሉ አልቀጣም። ነጥብ አልቀንስም። ክሯ ይነሳና ሌላ ልጅ፣ የሚችል ልጅ፣ ይሰረው።» ከዚያ ወደ አለቃ አዩ። «መሪዋ አንቺ ነሽ? በይ ነይ እሰሪው። ያንቺማ ሰማያዊዎቹ አንዳቸውም እንከን የላቸውም።»

አለቀ በቃ። ባንዲራው እጇ ገባ። ማድረግ ያለባት ሦስት እርምጃ መራመድ፣ ቀዩን ክር ፈትታ መጣል፣ ሰማያዊውን ማሰር ብቻ ነው። ማንም አያውቅም፤ የምታውቀውም አትናገርም። የአለቃ እግር አንድ እርምጃ ሄደ። ሁለተኛውንም ሄደ። ሚጡ በግራ እጇ ቀዩን ክር ራሷ መፍታት ጀምራ ነበር፤ እህቷ እንዳትቸገር። ክሩ እንቢ ሲላት በጥርሷ ልትይዘው ጎንበስ አለች። ይሄኔ አለቃ ትናንት በጥርሷ የፈታችው ያ ጥብቅ ቋጠሮ ትዝ አላት፤ መንጋጋዋ እንደ አዲስ አመማት።

«ተይው ሚጡ» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጎልቶ ወጣ። «እትዬ መሐንዲስ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቋጠሮው የእሷ አይደለም። የኔ ነው።»

«ቀይ ክር ያንቺም ነው?»

«ክሩ የእሷ ነው። ቋጠሮው የኔ ነው።» ወደ ሚጡ ጠቆመች። «እሷ ያሰረችው ሌላ ነበር። በግራ እጇ ስለምታስር ወደ ግራ ይዞር ነበር። ከሌሎቹ ጋር አይሄድም ብዬ ትናንት ፈታሁት። ዝናብ ጥሎ ነበር፣ ገመዱም እርጥብ ነበር። እያወቅኩ ነው ያሰርኩት። ከዚያ የእሷን ክር መለስኩበት።»

«ውሸቷን ነው!» አለች ሚጡ።

«ሚጡ፣ ዝም በይ!»

«አንቺ ዝም በይ!»

«ሁለታችሁም ዝም በሉ» አሉ እትዬ መሐንዲስ። ጎንበስ ብለው ጥምጥሙን አዩት፤ ሚጡን ያዩና መልሰው ጥምጥሙን ያያሉ። «አንቺ ልጅ፣ የቱ እጅሽ ነው?» ሚጡ ሳታስበው ግራ እጇን አነሳች። አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀስ ብለው ወደ አለቃ ዞሩ።

«የፈታሽው የእሷ ቋጠሮ፣ ላልቶ ነበር?»

«አይ» አለች አለቃ። ዕንባዋ መጥቶ ነበር፣ ግን ይህን ለመናገር ደረቷን ነፋች። «ለመፍታት ሩብ ሰዓት ፈጅቶብኛል። ማስመሪያዬ ታጥፏል። በጥርሴ ነው የፈታሁት። ከሃያ አራቱ ሁሉ እንደሱ የጠበቀ አልነበረም፤ የኔንም ጨምሮ።»

ከኋላ የሆነ ሰው ፈገግ አለ፤ ዘፋኙ «በጥርሷ!» አለና ሳቁ ሁሉንም አዳረሰ። ጋሼ አልሳቀም። ሄዶ ከጥቅሉ ደረቅ ገመድ ቆርጦ መጣ፤ ለአለቃ ሳይሆን ለሚጡ ሰጣት። አለቃን የሚያይበት ዓይን ግን እንደዚያን ቀን ሞቆ አያውቅም።

ሚጡ ተቀመጠች። ገመዱን በጣቷ አሻሸችው፤ ደረቅ መሆኑን ልታረጋግጥ ነው። ከዚያ በግራ እጇ መጠምጠም ጀመረች። አንድ መቶ ሰው ትንፋሹን ውጦ አያት። ሦስት ዙር። ሁለት ዙር በመሃል። በያንዳንዱ ዙር እግሯን አጣናው ላይ ትክል አድርጋ ወደኋላ እየተለጠጠች ትጎትታለች፤ ስካርፏ ተገልብጦ ፊቷን ሸፈናት፣ እሷ ግን ደንታም አልሰጣት። ቋጠረች። ቀዩን ክር አሰረች። ተነስታ «ጨርሻለሁ» አለች።

እትዬ መሐንዲስ እርሳሳቸውን አስጠጉ። ወጋ አደረጉ። ጠበቅ አድርገው ወጉ። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ የእርሳሷ ጫፍ ተሰበረ። አሮጊቷ የተሰበረችውን ጫፍ በመዳፋቸው ይዘው ለተሰበሰበው ሰው አሳዩ።

«አርባ ዓመት ድልድይ ስሠራ ይህቺ እርሳስ ተሰብራብኝ አታውቅም!» አሉ፤ እንደ ተናደደ ሰው ነው የጮኹት፣ ግን አፋቸው ጥርስ በጥርስ ሆኗል። ጭብጨባው ከወዲህም ከማዶም ፈነዳ።

ከዚያ እርሳሷን መልሰው ቀርጸው የቀሩትን ቋጠሮዎች አሳለፉ፤ ጋሼ የጻፈበትን ደብተር ተቀብለውም ረጋ ብለው አነበቡ። ድልድዩ አልፏል። ልጆች ከሰኞ ጀምሮ ይሻገሩበት። የንብ ምድብ በእርጥብ ገመድና በሰው ክር አንድ ጉድለት ተመዝግቦበታል፤ ስለዚህ ባንዲራውን የጭልፊት ምድብ ይይዛል። አለቃ ቀጥ ብላ ቆማ ሰማች። ስድስት ዓመት የተሸከመችው የመጥረጊያ እንጨት ከትከሻዋ ላይ ሲወርድ ተሰማት፤ አመማት፣ ደግሞም ቀለላት።

ረጅሙ ወደ እሷ መጣ። የሚያደርገው ጠፍቶት አንገቱን ያካል። «አለቃ፣ እኔ እንኳ በዚህ መንገድ አልፈልግም ነበር...»

«ቀጥ አድርገህ ያዘው ብቻ» አለችው። «ስትራመድ ወደ ቀኝ ታጋድላለህ። ሰኞ መጥተህ መጥረጊያ ይዘህ ትለማመዳለህ።»

«ምን ይዤ?»

«ስትመጣ ይገባሃል።»

የቀረው መሻገር ነው። ያሰረ ይቀድማልና ሚጡ ተጠራች። ስካርፏን አስተካክላ ጣውላው ላይ ወጣች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ፤ ከመሃለኛው ቋሚ ስትደርስ ቆመች። ማንም ሳይላት መደገፊያው ላይ ጀርባዋን ጣል አደረገች፣ ክብደቷን ሁሉ ለቀቀችበት። መደገፊያው ነቅነቅ አላለም። ያን ጊዜ እዚያው ሆና «እትዬ፣ ነይ!» ብላ ተጣራች። አለቃ ተከተለች፤ ከዚያ ዘፋኙ እያንጎራጎረ፣ ከዚያ ሌሎቹ።

«እኔንስ ይችላል?» አለ አባትየው ወደ ቦዩ ጠርዝ መጥቶ። ሹፌሩ ቀላል ሰው አይደለም፤ የአውቶቡሱ ወንበር ሁለት ጊዜ ተቀይሮለታል።

«እርስዎን ይችላል» አሉ እትዬ መሐንዲስ። «ከነአውቶቡስዎ ከሆነ ግን አልፈርምም።»

ወጣ። ጣውላው ሲጥ አለ። ከመሃል ደርሶ ቆመ፣ ቀዩን ክር በአውራ ጣቱ ነካው፣ አጎንብሶ ጥምጥሙን አየ። ከወዲያ ማዶ ሲወርድ ሁለቱን ልጆቹን አንዷን በቀኝ አንዷን በግራ ክንዱ ስር ወሸቃቸው። «የጫማዬን ገመድ ከዛሬ ጀምሮ ሚጡ ናት የምታስርልኝ» አለ።

ወደ ቤት ሲሄዱ ወላጆቻቸው ከፊት፣ እነሱ ከኋላ ነበሩ።

«ለምን የኔ ነው አልሽ?» አለች አለቃ።

ሚጡ ትከሻዋን ሰበቀች። «ባንዲራውን ትፈልጊያለሽ። ከጓሮ በመጥረጊያ ስትሰለፊ በመስኮት አይሻለሁ እኮ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከድሮ ጀምሮ።» ትንሽ ሄዱ። «ግን እትዬ፣ ሁለተኛ ቋጠሮዬን ከነካሽ...»

«ምን ታደርጊኛለሽ?»

«በጥርሴ እነክስሻለሁ። ቀዳዳ የሌለው ጥርስ አለኝ።»

አለቃ ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ፣ መሃል መንገድ ላይ ቆማ ሳቀች። ከፊት ያሉት ዞረው አዩአቸው።

የሰልፉ ቀን ጠዋት ቡድኑ በሙሉ በአባትየው አውቶቡስ ተሳፈረ። ረጅሙ ባንዲራውን ጠቅልሎ በጉልበቶቹ መሃል ቀጥ አድርጎ ይዟል፤ ሦስት ሳምንት በመጥረጊያ ስለሠለጠነ መያዣው አምሮለታል። አለቃና ሚጡ ከሹፌሩ ኋላ ካለው ወንበር ተቀምጠዋል። ከመንገድ ላይ የተሳፈሩ ዘንቢል የያዙ ሴትዮ ስካርፉን ሁሉ ተራ በተራ ቃኙና ወደ ሹፌሩ ጠጋ አሉ።

«ልጆቹ ሲያምሩ! ባንዲራውን የያዘው ያንተ ልጅ ነው?»

«አይደለም» አለ አባትየው። መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ የኋለኛው ወንበር ድረስ በሚሰማ ድምፅ ነው የተናገረው። «የኔ ልጅ ባንዲራውን ያጣችው ናት።»

ሴትዮዋ ግራ ገባቸው። «ውይ፣ ምነው፣ ምን አጠፋች?»

«ምን አጠፋች አሉኝ?» አለ፤ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ ነው የከረመው። «ይስሙኝማ፣ እናቴ። መጀመሪያ ከነገሩ ስር ልነሳልዎት። ድልድይ አለ፣ ድልድዩ ላይ ሃያ አራት ቋጠሮ አለ...» አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ ጥምጥሙ እንዴት ወደ ግራ እንደሚዞር በአየር ላይ ማሳየት ጀመረ። የአውቶቡሱ ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ሚጡ እንደ መምህር ታርመዋለች፤ «እንዲህ አይደለም አባዬ፣ ወዲህ ነው።»

አለቃ ስካርፏን አስተካከለች። ፊቷ ቀልቷል፣ ጀርባዋ ግን ቀጥ ብሏል፤ ባንዲራ የያዘ ሰው እንደሚቀመጠው ነው የተቀመጠችው።

«አባዬ» አለች፣ «እጅህን መልስ። መንገዱን እያየህ ንዳ።»

«እሺ፣ አለቃ» አለ አባቷ።